መብራት ሲጠፋ ሶላሬም አብሮ ይጠፋል፤ ምን ላድርግ?

ባለሱቋ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወተት፣ ለስላሳና የታሸገ ውሃ እሸጣለሁ። መብራቱ ሲቆራረጥ ጊዜ ተማርሬ ባለ 550 ዋት አራት ፓኔል ጣራ ላይ አስገጠምኩ። ባትሪ የለውም። የቆጣሪዬ ሂሳብ እውነትም ቀንሷል። ግን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሲሄድ ኢንቨርተሩም (የፓኔሉን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው ሳጥን) ቀይ አብርቶ ዝም አለ። ፀሐዩ ቆርቆሮውን እየጠበሰ እኔ ወተቱን ተሸክሜ ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ጋ ሮጥኩ። ተበላሽቶ ይሆን?

ኤሌክትሪሺያኑ (ከዚራ)፦
አይዞሽ እህቴ፣ አልተበላሸም። የገጠሙልሽ ኦን ግሪድ የሚባለው ነው። እሱ ከመስመሩ የሚመጣውን 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን የኤሌክትሪክ ምት እየተከተለ ነው የሚሠራው፤ መስመሩ ሲሞት ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ ነው የተሠራው። መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦ የሚይዝ ሠራተኛ አለ። ያንቺ ፓኔል በዚያ ሰዓት ወደ መስመሩ ቢልክ ልጁን ይገድለዋል። ስለዚህ «መከላከያውን ላንሳልሽ» የሚልሽን ሰው ከበር መልሺው። ጄኔሬተር ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን የሚያበራ ሰውም አጋጥሞኛል፤ አቦ፣ እባካችሁ ተዉ!

የሚያስፈልግሽ ባትሪ ያለው ሃይብሪድ ኢንቨርተር ነው፤ ከፓኔልም፣ ከባትሪም፣ ከመስመርም የሚሠራ ማለት ነው። ፍሪጁንና አምፖሎቹን ለብቻቸው በብሬከር አስለዪና ከባክአፕ መውጫው፣ ማለትም መብራት ሲጠፋም ኃይል ከሚሰጠው መውጫ ላይ ይገናኙ። ምጣድና ምድጃ እዚያ መስመር ላይ እንዳይገቡ።

ባለሱቋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ፍሪጁ 150 ዋት ይላል። ምን ያህል ባትሪ ይበቃኛል?

የሶላር ጠጋኙ (ሐረር፣ አራተኛ)፦
ፍሪጅ አርፎ አርፎ ስለሚነሳ ግማሹን ሰዓት ይሠራል ብለሽ ያዢ፤ በሙቀት ቀን ከዚያም ይበልጣል። ለ6 ሰዓት 450 ዋት ሰዓት ነው፣ ከአምፖልና ከስልክ ጋር 700 ገደማ። ባለ 24 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም 2,400 ይይዛል፤ ይተርፍሻል። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ግን ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ኢንቨርተሩ ከ2 ኪሎ ዋት አይነስ። ከመግዛትሽ በፊት ከፓኔል ስንት ቮልት እንደሚቀበል ጠይቂ፤ አራቱ በተከታታይ ሲታሰሩ ወደ 200 ቮልት ይጠጋሉ፣ የማይችለው ይቃጠላል።

የድሬን ሙቀት አትርሺ። በሊቲየም ፈንታ ሊድ አሲድ (እንደ መኪና ባትሪ ያለውን) ከገዛሽ፣ ባትሪው ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ቆርቆሮ ሥር አታስቀምጪው፤ ወለል ላይ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት ይሁን። ፓኔሉም ሲግል ኃይሉን ያጣል፤ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከመቶ 12 እስከ 14 ያህሉ ይሄዳል። ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ከፍ ይበል።

አንድ አባል (ገንደ ቆሬ)፦
ሁሉም ሰው ሶላር ከሰቀለ፣ ነፋሱም ሲጨመር መስመሩ አይብስበትም?

መሐንዲሱ (ድሬዳዋ)፦
ሚዛኑን የሚይዝ ካለ አይብስም። የአዳማ ሁለቱ የነፋስ ጣቢያዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት ናቸው። ነፋሱ ሲደክም የግድብ ተርባይን ውሃ ይጨመርለታል፣ ሲበረታ ይቀነስና ውሃው ይጠራቀማል። የእኛ አገር ኃይል አብዛኛው ከውሃ ስለሆነ በዚህ ዕድለኞች ነን። ማዶ ሰፈር በርቶ ያንቺ ብቻ ከጠፋ ግን ጣጣው ከነፋስም ከግድብም አይደለም፤ ትራንስፎርመሩን ወይም የሰፈሩን መስመር ጠርጥሪ። የጠፋበትን ሰዓት እየጻፍሽ አመልክቺ።

ባለሱቋ፦
አሁን ጣራ ላይ ወጥቼ አየሁት፤ ፓኔሉና ቆርቆሮው መሃል ሁለት ጣት እንኳ አይገባም። ነገ በጠዋት አስነሳዋለሁ።