«በፈቃዷ» ወይስ «ወዳ»? በውቢትና በአውሬው ተረት ውስጥ ያለ አንድ ቃል

ብርዕ ወክርታስ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ማዳም ለፕረንስ ደ ቦሞን እ.ኤ.አ. በ1756 ለንደን ላይ ያሳተመችውን የውቢትንና የአውሬውን ተረት ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳለሁ አንድ ቃል ያዘኝ። ነጋዴው ለልጁ ብሎ ከአውሬው አትክልት ቦታ ጽጌረዳ ሲቀጥፍ ይያዝና ሞት ይፈረድበታል፤ ነገር ግን ከሴት ልጆቹ አንዷ በእርሱ ፈንታ ለመሞት «ቮሎንቴርማን» (ማንም ሳያስገድዳት) ከመጣች እንደሚምረው አውሬው ይነግረዋል። ውቢት ከመጣች በኋላ ደግሞ በእራት ሰዓት «ሚስቴ ለመሆን ቩሌ ቩ (ትሻለሽ)?» ይላታል። ሁለቱ ቃላት በፈረንሳይኛ ከአንድ ግንድ የወጡ ስለሆኑ በአማርኛም በአንድ ግሥ ላስኬዳቸው እሻለሁ። «በፈቃዷ ከመጣች» ብዬ ብጀምር ማታ ላይ «ሚስቴ ልትሆኚ ትፈቅጃለሽ?» ማለት ይከተላል፤ ይህም በዛሬ አንባቢ ጆሮ አውሬውን ማመልከቻ ያስገባ ባለጉዳይ ያስመስለዋል። «ወዳ ከመጣች» ብል ደግሞ ገና ዓይኑን ያላየችውን አውሬ ያፈቀረች ትመስላለች። ምን ይሻለኛል?

ርባ ግስ፦
ግስ ያወረደ ሰው በዚህ አይቸገርም። በግእዝ «ፈቀደ» ማለት ፈለገ፣ ሻ ማለት ነው። «ወይኩን ፈቃድከ በከመ በሰማይ ከማሁ በምድር» ብለን ስንጸልይ የመንጃ ፈቃድም ሆነ የዓመት ፈቃድ ትዝ ያለው ምእመን አላጋጠመኝም። ቃሉን ያጠበበው የቢሮ አማርኛ ስለሆነ፣ የተርጓሚ ድርሻ ወደ ቀደመ ስፋቱ መመለስ ነው። «ትፈቅጃለሽ?» ይበሉና ይለፉ፤ አንባቢው ይልመድ።

ሥርወ ቃል፦
የጥያቄው መፍትሔ ከሥሩ ነው። «ፈቃድ» እና «ፍቅር» ሁለቱም በ«ፈ» ተነሥተው በ«ቀ» ያልፋሉ። በእኔ እምነት ጥንት አንድ ነበሩ፤ ተረቱም የሚለን ይህንኑ ነው፤ ፈቃድ ሲበስል ፍቅር ይሆናል።

ርባ ግስ፦
ወንድሜ ሥርወ ቃል፣ ሦስተኛውን ፊደል ለማን ጥለውት ነው የሄዱት? በዚህ ስሌትማ «ፈቀቅ አለ»ም የፍቅር ዘመድ ሊሆን ነው፤ በእርግጥ ውቢት በመጀመሪያው ማታ ያደረገችው ፈቀቅ ማለት ነበር።

የሪያዷ፦
«ወዳ»ን ከነጭራሹ ለምን እንደምትሸሹት አልገባኝም። «ሳትወድ በግዷ» ስንል ፍቅርን የሚያስብ ሰው አለ? «ወዶ ዘማች» የተባለውስ ጦርነትን አፍቅሮ ነው? በእነዚህ ሁሉ «ወደደ» የግድ ተቃራኒ ነው። እዚህ ሪያድ የምንሰማው ዐረብኛም «ወድደ» ሲል መውደድንና መሻትን አንድ ላይ ይይዛል። እኔን የሚከብደኝ የቃሉ ምርጫ ሳይሆን ነገሩ ራሱ ነው፤ እምቢ ብትል አባቷ የሚሞትባት ልጅ በየትኛው ፈቃዷ መጣች ይባላል?

ሰምና ወርቅ፦
ለእመቤት የሪያዷ በአክብሮት ልመልስ። ተረቱን ልብ ብለው ካነበቡት፣ አባትየው ልጁን ሊሠዋት አላሰበም፤ ልጆቹን ተሰናብቶ ሊሞት ሊመለስ ነበር፤ እርሱ ቢከለክላትም «እከተልሃለሁ» ብላ ድርቅ ያለችው ውቢት ናት። አውሬውም በዚህ አይረካም፤ ፊቱ በቆመች ጊዜ በቅን ልቧ መጥታ እንደ ሆነ ራሷን ይጠይቃታል፤ እየተንቀጠቀጠች «አዎን» ትላለች። በማግሥቱ ማታ የጋብቻውን ጥያቄ ሲያነሣ ቁጣውን እየፈራች «አይሆንም፣ አውሬው» ትላለች፤ እርሱም አዝኖ ይወጣል እንጂ አይነካትም። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ እየተጠየቀች እምቢ ማለት የምትችል ሴት ያለ ፈቃዷ ናት ማለት ይከብደኛል። ስለዚህ የተረቱ አከርካሪ ፈቃድና ፍቅር መለያየታቸው ነው፤ መጀመሪያ ያለ ፍቅር ትፈቅዳለች፣ ፍቅሩ በኋላ ይደርሳል። «ወዳ» ግን ሁለቱን በአንድ ሙቀጫ ይወቅጣቸዋል። በቤተሰቧ ቤት ሆና ስታስብ ምን እንደምትል አስታውሱ፦ ለአውሬው ፍቅር የለኝም፣ ነገር ግን አክብሮት፣ ወዳጅነትና ምስጋና አለኝ።

የሪያዷ፦
እንግዲህ ራስዎ ጻፉት! «ፍቅር የለኝም፣ ወዳጅነት አለኝ» ሲሉ «ወዳጅነት» የማን ልጅ ነው? የ«ወደደ» አይደለምን? ወደደን በበር አስወጥተው በመስኮት አስገቡት። ስለ ሦስቱ ወራትም፣ እምቢ ማለት መቻልና ወጥቶ መሄድ መቻል አንድ አይደሉም። ደራሲዋ የልጃገረዶች አስተማሪ ነበረች፤ የአንዷ የውቢት እኅት ባል መልከ መልካም ሆኖ ራሱን ብቻ የሚወድ፣ የሌላዋ ደግሞ አዋቂ ሆኖ በአዋቂነቱ ሚስቱን የሚያሠቃይ ያደረገችው፣ ተማሪዎቿ መልክና ብልህነትን ትተው ደግ ባል እንዲመርጡ ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ባልን ራሳቸው ለማይመርጡ ልጆች ሲነገር፣ የተሰጠሽን ውደጂ የሚል ድምፅም አለበት።

ርባ ግስ፦
ከቃል ወጥተን ወደ ስብከት ገባን። «በቅን ልብ» የተባለው በግእዝ ቢሆን «በሥምረት» ይባል ነበር፤ «ሥምረቱ ለሰብእ» የሚለውን የማያውቅ እዚህ የለም። «በሥምረቷ ከመጣች» ቢባልስ?

ሥርወ ቃል፦
«ሠመረ» እና «አማረ» በ«መ» እና በ«ረ» ይገጥማሉ፤ ውቢትም ያማረች ናት!

ርባ ግስ፦
እግዚኦ።

ሰምና ወርቅ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ከቦሞን በፊት ማዳም ደ ቪልኔቭ በ1740 ባሳተመችው ረጅሙ ተረት አውሬው የሚጠይቀው ጋብቻን አይደለም፤ አብሯት እንዲተኛ ትተወው እንደ ሆነ ነው። ለዚያኛው «ትፈቅጃለሽ?» የሚለው ከነዛሬ ትርጉሙ ልክክ ይል ነበር፤ በእርግጥ የሚለምነው ፈቃድ ነውና። ቦሞን አሳጥራ ለልጃገረዶች ስታዘጋጀው ጥያቄውን ወደ ጋብቻ ስለ ለወጠችው፣ የሚጠየቀው ከዚያች ሌሊት አልፎ ዕድሜ ልኳን የሚይዝ ውሳኔ ሆነ። ለዚህ «ፈቀደ» ይጠብባል ቢባል አልከራከርም፤ ለመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን «በገዛ ፈቃዷ» ከማለት የተሻለ አላገኘሁም።

ሥርወ ቃል፦
«በገዛ» ያሉት ግሩም ነው! «ገዛ» እና «እግዚእ» አንድ ሥር ናቸው፤ በገዛ ፈቃዷ ማለት ጌታዋ ራሷ በሆነችበት ፈቃድ ማለት ነው። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያገኘችው መጽሐፍም በወርቅ ፊደል፣ እዚህ ንግሥቲቱና እመቤቲቱ አንቺ ነሽ ይላታል።

ርባ ግስ፦
ዛሬ አንድ ጊዜ ልክ ሆኑ። ይህችን እመዘግባለሁ።

የሪያዷ፦
የእመቤትነቱ ወርቅ ጥሩ ነው፤ ግን ነጋዴው ገበያ ላይ የሚያደርገውም «ገዛ» ይባላል።

ብርዕ ወክርታስ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለመጀመሪያው «በገዛ ፈቃዷ»ን ይዣለሁ። ማታ ማታ ለሚመጣው ጥያቄ ግን አሁንም ግሥ የለኝም። በዚያ ላይ አውሬው በፈረንሳይኛ «ቩ» እያለ ያከብራታል፤ «አንቺ» ይበላት ወይስ «እርስዎ»?

ርባ ግስ፦
በግእዝ ቢሆን «አንቲ» ብቻ ነበር፤ ችግሩ ባልመጣ። «እርስዎ» ራሱ ከየት እንደ መጣ ግን ሰፊ ነገር ነው፤ «ርእስ» ከሚለው እንጀምር።