የዩኒቨርሲቲ አሮጌ ኮምፒውተሮች፦ ፎርማት አድርጎ በጨረታ መሸጥ ይበቃል?

ጥያቄ (አይሲቲ ክፍል)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 2018 ካበቃ ወዲህ ከላብና ከቢሮ የተነሱ 180 ያህል ዴስክቶፖች፣ 40 ወፍራም የሲአርቲ (ባለ መስታወት ቱቦ) ሞኒተሮችና ብዙ የሞቱ ዩፒኤሶች (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆዩ ባለ ባትሪ ሳጥኖች) መጋዘን ሞልተዋል። ሬጅስትራርና ፋይናንስ ሲሠሩባቸው የነበሩትም አብረው አሉ። ንብረት ክፍል ሁሉም ፎርማት ተደርጎ በአንድ ሎት ለጨረታ ይውጣ ይላል። ምን ትመክሩናላችሁ?

ዳታ ሴንተር፦
ፎርማት አይበቃም። ፈጣን ፎርማት የሚያጠፋው ማውጫውን ብቻ ነው፤ የተማሪው ውጤትና የደመወዝ ዝርዝሩ ዲስኩ ላይ ስለሚቀር በነጻ ሶፍትዌር ይመለሳል። ሽሬድኦኤስ (ከፍላሽ የሚነሳ ነጻ የዲስክ ማጥፊያ ሲስተም) የተጫነበት ፍላሽ አዘጋጁና ማሽኑን በእሱ አስነሱ፤ ከዚያ በውስጡ ባለው ኤንዋይፕ በሚባለው ፕሮግራም ዲስኩን አንድ ዙር ዜሮ ጻፉበት፣ ማረጋገጫውንም አብሩ። ሰባት ዙር የሚሉትን አትስሟቸው፣ ለዛሬ ዲስክ አንዱ ይበቃል። 500 ጊጋባይት በሰከንድ 100 ሜጋባይት ከተጻፈ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ማረጋገጫው ሌላ ያን ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ብዙ ማሽን በአንድ ጊዜ አስነሱ።

ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ዲስክ) ሌላ ነው። የዲስኩ መቆጣጠሪያ ቺፕ (ኮንትሮለሩ) ጽሑፉን ወደ ሌላ ሴል ስለሚያዞረው አሮጌው መረጃ ሊተርፍ ይችላል፤ ሴኪዩር ኢሬዝ የሚባለውን የዲስኩን የራሱን ትዕዛዝ ስጡት። "ፍሮዝን" (ተቆልፏል) ብሎ እምቢ ካለ ማሽኑን ስሊፕ አድርጋችሁ ቀስቅሱት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይከፈታል። የማይነሳውን ሃርድ ዲስክ በድሪል ብሱት። የላፕቶፕ ዲስክ ውስጡ ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ ይፈነጣጠራል፤ መነጽር ያስፈልጋል። የእያንዳንዱን ዲስክ ሴሪያል ከንብረት ቁጥሩ ጋር መዝግቡ። ትልልቆቹ ፎቶኮፒ ማሽኖችም ዲስክ ስላላቸው አትርሷቸው።

ንብረት አስተዳደር፦
በአንድ ሎት መሸጡን እኔም እቃወማለሁ። ከፍተኛ ዋጋ የሰጠው ተጫራች የሚፈልገው መዳቡንና ቦርዱን ነው፤ መስታወቱ ሜዳ ላይ ይጣላል፣ ገመዱ ይቃጠላል። መጀመሪያ ለዩ። ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ ኮር አይ3 ወይም አይ5 ዊንዶውስ 11ን በይፋ ባይቀበልም፣ 8 ጊጋ ራምና 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ከገባለት በሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ (ነጻና ቀለል ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላብ በደንብ ይሠራል። ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ የሚዛባ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ የሲአር2032 ባትሪ መቀየር ብቻ ነው። ከመስጠታችሁ በፊት የባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ፓስወርድ አንሱ፣ አለዚያ ተቀባዩ ይቸገራል።

ወረቀቱ ላይ ጥብቅ ሁኑ። የቴክኒክ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ የአስወጋጅ ኮሚቴ ውሳኔ፣ ከዚያ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ወጪ። ብዙ ቦታ ችግር የሚፈጠረው ራምና ፓወር ሰፕላይ ለመለዋወጫ ሲወሰድ ሳይመዘገብ ቀርቶ ኦዲተር ባዶ ቀፎ ሲያገኝ ነው። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425/2010ን ከኮሚቴው ጋር አንብቡት፤ በአንድ ሎት ይሸጥ ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ነው።

ጥገና ክፍል፦
ሲአርቲውን ማንም እንዳይከፍተው። ከሶኬት ተነቅሎም ቱቦው በሺዎች ቮልት ሊይዝ ይችላል። አንገቱ ከተመታ በውስጡ አየር ስለሌለ ወደ ውስጥ ይፈነዳል፤ የኋላው መስታወት ደግሞ እርሳስ አለበት። ሙሉውን፣ ስክሪኑን ወደ ታች አድርጋችሁ ፓሌት ላይ ከሁለት ሳይበልጥ ደርድሩ፣ ዝናብ አይንካው።

የዩፒኤስ ባትሪ አውጡና ሁለቱንም ፖል በቴፕ ሸፍኑ፤ ሳይሸፈን ከተደራረበ ሾርት አድርጎ ይቃጠላል። አሲድ ያፈሰሰውን በፕላስቲክ ትሪ ላይ ለብቻው አስቀምጡ። ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ አይበሳ፣ አይጨመቅ፤ በደረቅ አሸዋ በተሞላ የብረት ባልዲ፣ ከመጋዘኑ ውጭ ጥላ ስር ይቀመጥ። አቃቂ ላለው የኤሌክትሮኒክስ መፍቻ ማዕከል ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ዓይነቱንና ብዛቱን ጽፋችሁ ላኩ፣ ሲአርቲና ባትሪ ይቀበሉ እንደሆነም በጽሑፍ ይመልሱላችሁ።