ጌምቡክ ላይ ተጣብቄያለሁ፣ የምታውቁ እርዱኝ
ሰላም፣ ልጅ እያለሁ በጣም የምወደውን በዳይስ የሚጫወቱትን የፋንታሲ ጌምቡክ (እንደ ምርጫህ ቁጥር ካለው አንድ ክፍል ወደ ሌላው እየዘለልክ የምታነበው መጽሐፍ) እንደገና ጀምሬ መጨረሻው አካባቢ ቀረሁ፣ መታተም ካቆመ ቆይቷል ስለዚህ ሌላ ኮፒ አግኝቼ ማመሳከር አልቻልኩም። እንደ ብዙዎቹ የፈረንጆቹ 1980ዎቹ ጌምቡኮች 400 ክፍሎች አሉት፣ እድልህን በዳይስ በሞከርክ ቁጥር ከእድል ነጥብህ 1 ይቀነስብሃል (ይሄን ህግ እወደዋለሁ፣ ያስጨንቃል)። ችግሬ በሩ ጋ ነው፣ ቁልፎቹ ላይ ያለውን ቁጥር ደምረህ ድምሩ ወደሚለው ክፍል ሂድ ይላል፣ እኔ ያሉኝን ሁለቱን ስደምር ግን የሚወስደኝ ወንዝ ስለመሻገር የሚያወራ ክፍል ነው፣ ከበሩ ጋ ምንም አይገናኝም። ያላገኘሁት ሶስተኛ ቁልፍ ይኖር ይሆን ወይስ የህትመት ስህተት ነው? ካርታ እየሳልኩ ከ1 ልጀምር ወይስ ከ400 ወደኋላ እየፈለግኩ ልምጣ? መጨረሻውን ግን እንዳትነግሩኝ በናታችሁ።