በባልቲክ ባሕር የሰጠመ የጥንት መርከብ ለማየት ልጠልቅ ነው፤ ምን ላዘጋጅ?

የሐይቅ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያደግኩት ሐዋሳ ነው፣ አሁን የምኖረው ፊንላንድ እስፖ ነው። ዳይቪንግ የተማርኩት ሁርጋዳ ነው። የአድቫንስድ ወረቀት አለኝ፣ ግን ከቀይ ባሕር ውጪ ጠልቄ አላውቅም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጠላቂዎች ክለብ አባል ነው፤ በኦገስት መጨረሻ ሄልሲንኪ አጠገብ ያለውን ክሮንፕሪንስ ጉስታቭ አዶልፍ የሚባል የስዊድን የጦር መርከብ ለማየት አብረን እንውረድ አለኝ። በ1788 እ.ኤ.አ. የሰጠመ ነው፣ ወደ 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኛል። እኔ ደግሞ ካነሳልኝ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አሁን ጥያቄዬ ይኼ ነው። 7 ሚሊሜትር ዌትሱት (ውሃ የሚያስገባው የላስቲክ ልብስ) አለኝ፣ ይበቃኛል ወይስ የግድ ድራይሱት (ውሃ የማያስገባው)? ሬጉሌተሬ (ከአየር ሲሊንደሩ የምተነፍስበት ዕቃ) ቀይ ባሕር የምጠቀምበት ተራ ነው፣ ይሆናል? እንዳልንሳፈፍ የምታጠቀው እርሳስስ ስንት ኪሎ ልያዝ? ውሃው ጨዋማነቱ ትንሽ ነው ስለሚባል ግራ ገባኝ። ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም ንገሩኝ። የምታውቁ እባካችሁ።

ኤይላት 03፦
ሰላም ወንድሜ። እኔ የምጠልቀው ኤይላት ነው፣ ባልቲክ አንዴ ብቻ በእንግድነት ወርጃለሁ። ስለ እርሳሱ ልመልስልህ። በቀይ ባሕር በአንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ ወደ 40 ግራም ጨው አለ። ሄልሲንኪ አካባቢ ከ5 እስከ 6 ግራም ቢሆን ነው። ጨው ሲቀንስ ውሃው ያን ያህል አያንሳፍፍህም። አንተና ዕቃህ በአንድ ላይ 110 ኪሎ ብትመዝኑ፣ በተመሳሳይ ልብስ ወደ 2 ኪሎ ተኩል ያህል እርሳስ ትቀንሳለህ ማለት ነው። ግን ድራይሱት ከለበስክ ይህ ሒሳብ ይገለበጣል፤ ከውስጥ የምትለብሰው ወፍራም ልብስ አየር ስለሚይዝ ከበፊቱ የበለጠ እርሳስ ልትፈልግ ትችላለህ። ስለዚህ ከቁጥር አትነሳ። ሲሊንደርህ ወደ 50 ባር ሲደርስ ጥልቀት በሌለው ቦታ ሞክር፤ 3 ሜትር ላይ ሳትወጣ ሳትወርድ ያለ ችግር መቆየት ከቻልክ እርሳሱ ልክ ነው።

ዌትሱቱን በተመለከተ፣ በኦገስት ላዩ ሞቅ ያለ ነው። ጥሩ ኮፍያና ጓንት ካለህ አጭር ጊዜ ሊያስችልህ ይችላል ባይ ነኝ።

ስቶክሆልም ነዋሪ፦
ኤይላት 03፣ በእርሳሱ እስማማለሁ፣ በዌትሱቱ ግን በፍጹም። ላዩ 17 ወይም 18 ዲግሪ ይሆናል፣ እውነት ነው። ግን ወርደህ ከ10 እስከ 20 ሜትር መካከል የሆነ ቦታ ላይ ውሃው ድንገት ይቀየራል። ተርሞክላይን የሚሉት ነው። ከዚያ በታች በበጋም 4፣ 5፣ 6 ዲግሪ ነው። ፊትህን እንደ መርፌ ይወጋሃል፣ ከንፈርህ ይደነዝዛል። መርከቡ ያለው እዚያ ታች ነው፤ ላዩ ቢሞቅ ምን ይጠቅምሃል? ዌትሱት ደግሞ በጥልቀት ይጨመቃልና በጣም በሚያስፈልግህ ሰዓት ይሳሳል። ጣትህ ከደነዘዘ ማያያዣውን መክፈት፣ ቁልፉን መጫን፣ ባትሪውን ማብራት አትችልም። ብርድ ምቾት ብቻ የሚነሳ አይምሰልህ፣ ማሰብም ያዘገያል።

ድራይሱት ኮርስ ውሰድ። በውስጡ ያለው አየር በእግርህ በኩል ከሄደ ተገልብጠህ ወደ ላይ ትወጣለህ፤ ይህንን ደግሞ መርከቡ አጠገብ ስትደርስ አይደለም የምትማረው። መጀመሪያ ጥልቀት በሌለው ውሃ ተለማመድ። የአንገቱ ላስቲክ መያዙን፣ ዚፑ እስከ መጨረሻው መዘጋቱን ሌላ ሰው ይይልህ። ከጥጥ የተሠራ ልብስ ከውስጥ አትልበስ፤ ላብ ይዞ ያቀዘቅዝሃል። ሱፍ ወይም ለዚሁ የተሠራ የሙቀት ልብስ ነው የሚሆነው።

ማታ ሠራተኛ፦
ስለ ሬጉሌተሩ እኔ ልናገር፣ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ 200 ባር ነው፤ ፈርስት ስቴጁ (ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠመው የሬጉሌተሩ ክፍል) ወደ 10 ባር አካባቢ ያወርደዋል። አየር እንዲህ ሲሰፋ በኃይል ይቀዘቅዛል፣ ከዜሮ በታች። በዙሪያው ያለው ውሃ 4 ዲግሪ ከሆነ በረዶ ይሠራል፣ ጨው ስለሚያንሰው ደግሞ ቶሎ። በረዶው ቫልቩን ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ አየሩ ሳያቋርጥ ይለቃል፣ ፍሪፍሎው የሚሉት ይኼ ነው፤ ሲሊንደርህ በደቂቃዎች ባዶ ይሆናል።

ሬጉሌተርህ ላይ የአውሮፓ ስታንዳርድ ቁጥር ኢኤን 250 ተጽፎ ታገኛለህ። አጠገቡ «ከ10 ዲግሪ በላይ» የሚል ምልክት ካለው ለቀዝቃዛ ውሃ አልተፈተነም፣ ቤት ይቅር። ሲሊንደሩ ሁለት ቫልቭ ያለው ይሁንና በየቫልቩ የተለየ ፈርስት ስቴጅ ግጠም። የድራይሱቱ አየር ከአንዱ፣ የቢሲዲው (በአየር የሚሞላው ጃኬት) ከሌላው ይምጣ። ጀልባ ላይ በብርድ አየር ሬጉሌተሩን ደጋግመህ አትሞክረው፤ ውሃ ውስጥ ገብተህ ነው መተንፈስ ያለብህ። ደግሞ ትንፋሽ እየሳብክ በዚያው ቅጽበት ድራይሱትህን አትሙላ፣ አጫጭር ጊዜ እየጫንክ ሙላ።

ፍሪፍሎው ከያዘህስ? አትሩጥ። ለጓደኛህ ምልክት ስጥ፣ ወደ ሁለተኛው ሬጉሌተር ተሸጋገር፣ የሚለቀውን ቫልቭ ዝጋ፣ ገመዱን ይዘህ ውጣ። ጉዞው እዚያው አበቃ። ይህንን ከጓደኛህ ጋር ከመውረዳችሁ በፊት በደረቅ መሬት ላይ በእጃችሁ ተለማመዱት፣ በወፍራም ጓንት ቫልቩን ትደርስበት እንደሆነም እይ። ብዙ ሰው አይደርስበትም።

የሐይቅ ልጅ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ሬጉሌተሬን አየሁት፣ «ከ10 ዲግሪ በላይ» ይላል። ስለዚህ ሁሉንም ልከራይ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ እንጨት የሆነ መርከብ ከ200 ዓመት በላይ ውሃ ውስጥ እንዴት ሳይበሰብስ ቆየ? ቀይ ባሕር ያየሁት የብረት መርከብ እንኳ ተበልቶ ነበር።

ስቶክሆልም ነዋሪ፦
ይኼን ስትጠይቅ ደስ አለኝ፣ ሁላችንም ወደዚህ ባሕር የምንሄደው በዚህ ምክንያት ነውና። ሙቅና ጨዋማ በሆነ ባሕር የመርከብ ትል የሚባል እንስሳ አለ። ትል ይባል እንጂ ሁለት ክፍል ዛጎል ካላቸው የባሕር እንስሳት ወገን ነው። እንጨቱን ቦርቡሮ ይጨርሰዋል። ይህ ትል ጨው ሲያንስበት አይራባም፤ በባልቲክ አብዛኛው ክፍል ጨውነቱ ከሚፈልገው በታች ነው። ብርዱና ጨለማውም መበስበስን ያዘገያሉ።

ስቶክሆልም ውስጥ ያለው ቫሳ ማስረጃ ነው። በ1628 ገና በመጀመሪያ ጉዞው፣ ወደቡን ሳይለቅ ሰጠመ። አንደርስ ፍራንዜን የሚባል ሰው በዚህ ባሕር እንጨት አይበላም ብሎ አስቦ፣ ከጀልባ ላይ የእንጨት ናሙና የሚያወጣ መሣሪያ እየጣለ ፈለገና በ1956 ጥቁር የኦክ እንጨት አወጣ። በ1961 መርከቡ ሙሉ ለሙሉ ወጣ። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ስታየው ቅርጻ ቅርጹ፣ የአንበሶቹ ጸጉር ሳይቀር ይታያል። ስቶክሆልም ብትመጣ ከመጥለቅህ በፊት እሱን እይ፤ ታች የምታየው የተዘበራረቀ እንጨት ምን እንደነበር ይገባሃል።

የቱርኩ ነርስ፦
ወንድሜ፣ የጤናውን ጉዳይ እኔ ልጨምርልህ። ከታች ስትሠራ ሞቆህ፣ ስትወጣ ደግሞ በርዶህ ከሆነ ለዲኮምፕሬሽን ሕመም (በሰውነት ውስጥ የቀረ ጋዝ አረፋ ሲሠራ ለሚመጣው) ያጋልጥሃል። ሲሞቅህ ናይትሮጅን በብዛት ወደ ሰውነትህ ይገባል፣ ሲበርድህ የቆዳህ ደም ሥር ይጠብና ጋዙ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ የእጅህ የመጥለቂያ ኮምፒዩተር ከሚፈቅድልህ ጊዜ በፊት ቀድመህ ውጣ፣ ከታች ስትሆን አትድከም፣ ከመውጣትህ በፊት 5 ሜትር ላይ የምታደርገውን ቆይታ አታሳጥር። መንቀጥቀጥ ስትጀምር አይ እችለዋለሁ ማለት የለም፣ ጓደኛህን ነክተህ ወደ ላይ።

ደግሞ ፊንላንድ ነህና ከወጣህ በኋላ ሳውና እንግባ ማለታቸው አይቀርም። ወዲያው አትግባ። ድንገት የሚሞቅ ሰውነት ውስጥ የቀረ ጋዝ አረፋ ሊሠራ ይችላል። ሻይ ጠጣ፣ ደረቅ ልበስ፣ በዝግታ ሙቅ፣ ሳውናው ማታ ይደርስልሃል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የቆዳ ሽፍታ፣ ማዞር ወይም መደንዘዝ ከመጣ 112 ደውልና ጠላቂ መሆንህን ንገራቸው። የጠላቂዎች ኢንሹራንስ ያዝ፣ ዳን የሚባለው ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ነው።

የድሮ ጠላቂ፦
ልጄ፣ ሕጉን ልንገርህ። የፊንላንድ የጥንታዊ ቅርስ ሕግ የ1963 ነው። ከሰጠመ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው መርከብ ሁሉ ያለ ሌላ ውሳኔ የተጠበቀ ነው፤ በአብዛኛው መጥለቅ ይፈቀዳል፣ መንካት፣ ማንቀሳቀስ፣ መውሰድ፣ መልሕቅ መጣል አይፈቀድም። የቭሮው ማሪያ አካባቢ ግን የተከለለ ነው፤ በ1771 ሰጥሞ በ1999 የተገኘው፣ ለሩሲያዋ ንግሥት ካተሪን ሥዕሎች ይዞ ነበር የሚባለው መርከብ ነው። እዚያ ያለ ፈቃድ አይወረድም። ወደ ኦላንድ ደሴቶች ከሄድክም ከ100 ዓመት በላይ ለሆነ መርከብ ለመጥለቅ ፈቃድ ያስፈልግሃል። ስዊድን ደግሞ ከ1850 በፊት የሰጠመውን ነው የምትጠብቀው።

አንተ የምትሄድበት ከ2000 ጀምሮ የውሃ ውስጥ ፓርክ ነው፣ በፊንላንድ የመጀመሪያው። መርከቡ በሩሲያና በስዊድን ጦርነት ጊዜ ድንጋይ ላይ ወጣ፣ ሩሲያኖቹ ማርከው አቃጠሉት። የተቃጠለ ስለሆነ ቆሞ የሚጠብቅህ መርከብ አታገኝም፤ ወለል ላይ የተዘረጋ የጎን እንጨት፣ መድፍና የተበታተነ ዕቃ ነው። መንገዱን የሚያሳዩ ጽሑፍ ያለባቸው ሰሌዳዎች ታች ተተክለዋል፣ አንብባቸው። ደለሉ ግን እንደ ዱቄት ነው። እግርህን ወደ ታች እያወናጨፍክ ከሄድክ ከአንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ምንም አያይም። እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ግፋ። በኦገስት ውሃው በአልጌ ይደፈርሳል፣ ጨለማውም አለ፣ ሁለት ባትሪ ያዝ። ከሜይ ወይም ከኦክቶበር ጋር ሲነጻጸር እይታው ይቀንሳል። የተተወ የዓሣ መረብ እንዳይዝህ መቁረጫ በእጅህ በሚደርስበት ቦታ እሰር።

የሐይቅ ልጅ፦
ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ትንሽ ነገር፣ ጠርሙስ ወይም የሸክላ ፒፓ ባይ? ማንም ያላየው ቢሆንስ?

የድሮ ጠላቂ፦
ባለበት ተወው። ፎቶ አንሳ፣ ጥልቀቱንና ቦታውን ጻፍ፣ ለፊንላንድ ቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣን አሳውቅ። በ2010 ኦላንድ አጠገብ ከሰጠመ መርከብ ላይ 168 ጠርሙስ ሻምፓኝ ሲገኝ የኦላንድ አስተዳደር ንብረት ነው የሆነው። አንዲት ፒፓ የት ቦታ እንደነበረች ካልታወቀ፣ የትኛው መርከበኛ የትኛው ክፍል ውስጥ ይኖር እንደነበር የሚናገር ማስረጃ ይጠፋል። ለምትወደው ነገር አንተም ጠባቂ ሁን።

ስቶክሆልም ነዋሪ፦
እስፖ ስለሆንክ ጥሩ ዕድል አለህ። ሎህያ ያለው ኦያሞ የድሮ የኖራ ድንጋይ ማዕድን ነው፣ በውሃ ተሞልቶ ለጠላቂዎች ልምምድ ይውላል፣ ከታች ቀዝቃዛ ነው። ድራይሱት ኮርስህን እዚያ አካባቢ ብትሠራ ከባሕሩ በፊት ብርዱን ትለምደዋለህ። ግን ኮርሱ ላይ ሳለህ ወደ ዋሻው ክፍል አትግባ፣ ያ ለሌላ ስልጠና ነው። ባልደረባህን ኮርሱን እስክጨርስ ጠብቀኝ በለው፣ ደህና ሰው ከሆነ ይጠብቅሃል።

የሐይቅ ልጅ፦
ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል። ሴፕቴምበር ላይ አድርገነዋል። ቅዳሜ ለኪራይ ዕቃ ልሄድ ነው፣ ምን ልጠይቅ?

ማታ ሠራተኛ፦
የአንገቱንና የእጁን ላስቲክ ለብሰህ ፈትሽ፣ የተሰነጠቀ ካለ አትውሰድ። ጠባብ ከሆነ ያዞርሃል፣ ሰፊ ከሆነ ውሃ ያስገባል። የውስጡን ልብስ ለብሰህ ነው ድራይሱቱን የምትለካው። ቫልቮቹን በጓንት ሞክር። የሬጉሌተሩ የመጨረሻ ሰርቪስ መቼ እንደሆነ ጠይቃቸው። የድራይሱቱ ቦት ሰፊ ስለሆነ ያለህ ፊን (የእግር መቅዘፊያ) አይገባህም፣ ትልቅ ቁጥር ይስጡህ።