ስዕሉ ሌላ፣ ማሽኑ ሌላ፦ ከየት ልጀምር?

የጥገናዋ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። የማምረቻ መስመራችን 25 ዓመት ሆኖታል። ትናንት አንድ ሞተር ተቃጠለና የኤሌክትሪክ ስዕሉን ገለጥኩ፤ 15 ኪሎዋት ይላል። የሞተሩን ኔምፕሌት (አቅሙ የተጻፈበትን ሳህን) በጨርቅ ስወለውለው 22 ሆኖ አገኘሁት። ማን፣ መቼ እንደቀየረው የሚናገር የለም። የፒኤልሲው (ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር) ፕሮግራም ደግሞ 4 ፋይል አለው፦ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻ ፋይናል» እና «ይሄኛው»። ማሽኑ ላይ ያለው የትኛው ነው? እንጃ። ሁሉንም እንደ አዲስ ልሳል ብል ዓመትም አይበቃኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቀይ እስክሪብቶ
እህቴ፣ የሁላችንም ጣጣ ነው። መጀመሪያ መብራቱን አጥፍተሽ ያንን ፓኔል ክፈቺው። የ15 ኪሎዋት ሞተር በ400 ቮልት ወደ 28 አምፔር ነው የሚስበው፤ ባለ 22ቱ 41 ገደማ። ኦቨርሎዱ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚያጠፋው መከላከያ) በድሮው ልክ ከተተወ በየደቂቃው ይጥላል። ሲጥልበት የሰለቸው ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቂዋለሽ። የገመዱም ውፍረት ይታይ።

ስዕሉን አዲስ አትሳዪ። ኮፒ አድርጊውና ፓኔሉ ፊት ቆመሽ በቀይ አርሚው፤ ቀንና ፊርማ አይቅር። አንድ በአንድ ሂጂ፤ ቢበላሽ ፋብሪካውን ከሚያቆመው ጀምሪ።

ፒኤልሲውን ግን አደራ፣ ከላፕቶፕ ወደ ማሽኑ ምንም እንዳትጭኚ! ማሽኑ ውስጥ ያለውን አውጪና ከ4ቱ ጋር አመሳክሪ። የምታወጪው ላይ ኮሜንቶቹ (ፕሮግራሙን የሚያብራሩት ማስታወሻዎች) ላይኖሩ ስለሚችሉ የሚገጥመውን ፋይል ስታገኚ አትጣዪው።

የኬሚካሉ ሰው
እኔ የምፈራው «ለጊዜው ነው» የሚባለውን ነው። እንግሊዝ አገር ፍሊክስቦሮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1974 አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ከ6 ተከታታይ ሪአክተሮቹ (ኬሚካሉ የሚዘጋጅባቸው ትልልቅ ጋኖች) አምስተኛው ተሰነጠቀበት። እሱን አወጡና አራተኛውን ከስድስተኛው ጋር በጊዜያዊ ቱቦ አገናኙ። ስዕሉ ወርክሾፕ ወለል ላይ በጠመኔ የተሳለ ብቻ ነበር። ግፊቱን ይችል እንደሆነ በወጉ ያሰላ አልነበረም። 2 ወር ገደማ ቆይቶ ቱቦው ለቀቀ፣ የወጣው ጋዝ ፈነዳ፣ 28 ሰው አለቀ። ጊዜያዊ ነገር ሁሉ ላይ የሚነሳበት ቀን የተጻፈበት ካርድ አንጠልጥሉ።

የሌሊት ሺፍት
ጥሩ፤ ግን ባለ 5 ገጽ ፎርም ካመጣችሁ ሰው ደብቆ ይሠራል። አይቼዋለሁ። እኛ ጋ አንድ ገጽ ነው፦ ምን ተቀየረ፣ ለምን፣ ሌላ ምን ይነካል፣ ማን ፈቀደ። ያው ዓይነት፣ ያው አቅም ዕቃ ሲተካ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ይበቃል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት መስመር ቆሞ ፊርማ ፍለጋ የሚዞር የለም፤ በስልክ ይፈቀዳል፣ ሺፍት ሳይለወጥ ይጻፋል። ስቶሩንም አትርሺ። ስዕሉ ታርሞ የስቶሩ ካርድ ላይ 15 ካለ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያው የድሮው ሞተር ይገዛልሻል።

የጥገናዋ ልጅ
ዛሬ ከፈትኩት። ኦቨርሎዱ 30 ላይ ተቀምጧል፤ እሱም በቁራጭ ሽቦ ተዘሏል። ሽቦው ላይ ዱቄቱ እንደ ሊጥ ደርቋል። ነቅዬ ለ22ቱ የሚሆን ኦቨርሎድ አስገባሁ፤ ገመዱ ደግነቱ ይችላል። ፎርማናችንን ጋሼን ስጠይቃቸው ሳቁ፦ «እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ ለአንድ ሌሊት ብዬ።» ጡረታ ሊወጡ 3 ወር ቀርቷቸዋል። ከነገ ጀምሮ ፓኔል በፓኔል አብረን ልንዞር ተስማምተናል፤ ሻይ በኔ ነው።