24 ተማሪዎችን ለባሕር ትምህርት ወደ ጅቡቲ ለመውሰድ ምን እናዘጋጅ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልን። በታኅሣሥ ወር 24 የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለ5 ቀን ወደ ጅቡቲ ልንወስድ ነው። የሙሻ ደሴትን ኮራል (የባሕር ዛጎል ድንጋይ የሚሠሩ ሕያዋን)፣ ከተገኘም አርታ በተባለው ዳርቻ አካባቢ ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ዓሣ ያያሉ፤ እዚያ ካሉ ተማሪዎች ጋርም አብረው ይሠራሉ። አብዛኞቹ ዋና አይችሉም። የመስክ መሣሪያም በውድ መግዛት አንችልም። የምታውቁ ብትረዱን።

መልስ፣ የዋና አሠልጣኝ፦
ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት ገንዳ አስገቧቸው። ፍጥነት አያስፈልግም። በጀርባ 5 ደቂቃ መንሳፈፍ፣ ሳያርፉ 50 ሜትር መዋኘት፣ በማስክ (የውኃ መነጽር) እና በስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) ፊትን ውኃ ውስጥ አድርጎ 10 ደቂቃ መተንፈስ፤ እነዚህን ሦስቱን ያላለፈ ልጅ ላይፍ ጃኬት ለብሶ ዳር ላይ ይመልከት እንጂ ከጀልባ ጥልቅ ውኃ ውስጥ አይውረድ።

ልጆች የሚደነግጡት አብዛኛውን ጊዜ ስኖርክሉ ውኃ ሲያስገባ ነው። አየር ለመሳብ ሲሞክሩ ውኃውን ይስቡታል። ስለዚህ መጀመሪያ በኃይል ተንፍሶ ውኃውን ማስወጣት፣ ቀጥሎ ቀስ ብሎ መሳብ እስኪለምዱ ደጋግሙ። ማስኩን ያለ ማሰሪያው ፊት ላይ አድርጎ በአፍንጫ መሳብ ነው፤ ካልወደቀ ልኩ ነው። አዲስ ማስክ በጉም ስለሚሸፈን ውስጡን በጥርስ ሳሙና አሽታችሁ እጠቡት።

መልስ፣ የባዮሎጂ መምህር፦
ለናሙና ቆጠራ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ከፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ይሠራል፦ 4 ቧንቧ፣ 4 ክርን (የማዕዘን ማገናኛ)። በማጣበቂያ አታጣብቁት፣ ተፈታቶ ይጓዛል። በየቧንቧው 3 ቀዳዳ ብሱ፤ አለበለዚያ አየር ይዞ ይንሳፈፋል። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ሲባጎ ወጥሩበትና ክሮቹ በሚገናኙባቸው 16 ነጥቦች ሥር ያለውን መዝግቡ። ይህን ባሕሩ ሲሸሽ በዓለታማው ዳርቻ ሥሩት። ሕያው ኮራል ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ይሰብረዋል።

ለፕላንክተን (በውኃ ላይ ለሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) የናይሎን ስቶኪንግ፣ 20 ሳንቲ ሜትር የሽቦ ቀለበትና ጫፉ ላይ የታሠረ ትንሽ ጠርሙስ ይበቃል። ጀልባው በዝግታ ሲሄድ 5 ደቂቃ ጎትቱ። የስቶኪንጉ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ የሚይዘው ተለቅ ያሉትን ብቻ ነው። ፀሐይ ላይ ከተተወ ቶሎ ይሞታሉ፤ ጥላ ሥር አድርጋችሁ በዚያው ጠዋት በአጉሊ መነጽር እዩ። ማስታወሻ በእርሳስ፣ በብርጭቆ ወረቀት በተፋቀ ነጭ ፕላስቲክ ላይ ይጻፍ።

መልስ፣ የባሕር አስጎብኚ፦
ወቅቱ ልክ ነው፣ ዌል ሻርክ የሚታየው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ግን ለልጆቹ ቃል አትግቡ። በአንድ ጊዜ ከ6 ልጅ በላይ አይግባ። ከአካሉ 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር ይራቁ፤ መንካትም ሆነ ፍላሽ ማብራት ክልክል ነው። ከፊቱ ከዘለሉበት ወደ ታች ይጠልቃልና ከጎኑ በዝግታ ይቅረቡ። በሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ፈንታ እጀ ረጅም የዋና ልብስ ይሻላል፤ ጀርባቸውን ሙሉ ቀን ፀሐይ ያገኘዋል። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ይሰጥ፣ ካርዱም አይረሳ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ከጅቡቲ ተማሪዎች ጋር ምን ብናሠራቸው ጥሩ ነው?

መልስ፣ የድሬዳዋ መምህር፦
አዋሽን አሠሯቸው። ወንዙ ባሕር ሳይደርስ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያልቃል፤ ለሁለቱም ወገን የጋራ ጉዳይ ነው። የእናንተ ልጆች የአዋሽን ውኃ፣ የእነሱ የባሕሩንና በጣም ጨዋማ የሆነውን የጅቡቲውን የአሳል ሐይቅ ውኃ ይዘው ይምጡ። ከየአንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር በዝግታ እሳት ይትነን፣ የሚቀረው ጨው ይመዘን። ከባሕሩ 3.5 ግራም ገደማ፣ ከአሳል የዚያ 10 እጥፍ ያህል ይቀራል። እሳቱ ከበረታ ጨው እየተፈናጠረ ክብደቱ ይጎድላል፤ ሚዛኑም 0.1 ግራም የሚለይ ይሁን።

ጥንድ ስታደርጉ አፋርኛና ሶማሊኛ የሚችሉ ልጆቻችሁን በየቡድኑ በትኗቸው፤ እዚያ የትምህርት ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነው። የዕረፍት ቀናቸው ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ ትምህርት ቤቱን እሑድ ጎብኙ። ሰዓቱንም ተጠንቀቁ፦ የጀልባው ሰው 8 ሰዓት ካለ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ መርሐ ግብሩን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት።