የእህቴ ልጅ የጂን ምርመራ ግራ አጋብቶናል፤ የሚያውቅ ይርዳን

ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን የምትኖረው እህቴ ልጇ ሊ ሲንድረም (አንጎልን የሚጎዳ ከባድ የዘር በሽታ) እንዳለበት ተነግሯታል። ወረቀቱ ኤምቲ-ኤቲፒ6 በሚባለው የማይቶኮንድሪያ (በሴል ውስጥ ኃይል የሚያመርተው ክፍል) ጂን፣ 8993ኛው ቦታ ላይ፣ ቲ የሚባለው የዲኤንኤ ፊደል ወደ ጂ ተቀይሯል ይላል።

እስካሁን የገባኝን ልንገራችሁ። ከዚህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ኤቲፒን (የሴሉን ነዳጅ) የሚያመርተው ኢንዛይም አካል ነው፤ ፕሮቶኖች የሚያልፉበት በር በሉት። እዚያ ላይ ሉሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) በሌላው፣ በአርጂኒን ሲተካ ኃይል ማምረቱ ይዳከማል። ቀድሞ የሚጎዳው ብዙ ኃይል የሚፈልገው አንጎል ነው። የሚወረሰውም በእናት በኩል ብቻ ነው። (ይህን የሰሙ አንዳንድ ዘመዶች እህቴ ላይ ጣት መቀሰር ጀምረዋል፤ ያናድዳል።)

ግራ የገባኝ መቶኛው ላይ ነው። በአንድ ሴል ውስጥ ብዙ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ቅጂዎች አሉ፤ ከእነሱ የተለወጡት ከ90 በመቶ ሲያልፉ ብዙ ጊዜ ሊ ሲንድረም፣ ከ70 እስከ 90 ሲሆን ደግሞ ቀለል ያለው ናርፕ (ነርቭን፣ ጡንቻንና ዓይንን የሚጎዳ በሽታ) ይመጣል ይባላል። የልጁ 94 ነው። የእህቴ ደም 35 ብቻ፤ እሷ ደህና ናት። አሁን ሌላ ልጅ መውለድ ትፈልጋለች። መጠኑ ከእንቁላል እንቁላል የሚለያይ ከሆነ፣ የደሟ ቁጥር ስለሚቀጥለው ልጅ ምን ይነግረናል? እንግሊዝ የሌላ ሴት ማይቶኮንድሪያ ተጠቅሞ መውለድን በ2015 በሕግ ፈቅዳለች። ፅንስን ማህፀን ሳይገባ መመርመርም አለ። በዚህ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ፣ የጄኔቲክስ ሐኪሟን መጀመሪያ ምን ትጠይቅ?